የጥሬ ቋሊማ ጉርሻ

ብርነሽን የሚያውቃት ሁሉ ሁለት ነገር ይመሰክርላታል። እጇ ለጋስ ነው፤ ካይሮ፣ አይን ሻምስ በሚባለው ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ካለው ቤቷ የገባ ሰው ሳይበላ አይወጣም። ደግሞ ጠያቂ ናት። በሳምንቱ ቀናት ኒው ካይሮ በምትሠራበት ቪላ ውስጥ የልብስ ማጠቢያው ማሽን ለምን እንደሚዘል፣ የፊት ለፊቱ ጎረቤት መጋረጃውን ለምን እንደማይከፍት፣ ማዳም ሩዝ ላይ ቬርሚሼሊ ለምን እንደምትጨምር ሳትጠይቅ አትውልም። ማዳሟ ሲበዛባት «ኸላስ፣ በቃሽ፣ ያ ብርነሽ!» ብላ ጆሮዋን ይዛ ከኩሽና ትወጣለች። ብርነሽ ግን አትቀየምም። ሰው የማያውቀውን ቢጠይቅ ምን ነውር አለበት?

እንግዲህ ይህችን የመሰለች ጠያቂ ሴት አንድ ቀን መጠየቅ የሚገባትን ሳትጠይቅ በማለፏ የሰው ተስፋ ልታጨልም ምንም አልቀራትም ነበር። ታሪኩን የምናነሣው እሷን ለማሳጣት አይደለም። እሷ ያደረገችውን ብዙዎቻችን በየቤታችን ስለምናደርገው ነው።

ቀኑ እሑድ፣ ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ነበር። ብሔራዊ ቡድናችን ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን የሚገጥምበት ቀን። በካይሮ አብዮቱ ከፈነዳ ሁለት ዓመት አልፎ ከተማው እንደገና ሌላ ሰልፍ እየጠበቀ ነበር። ቤንዚን ጠፍቷል፤ መብራት ይመጣል፣ ይሄዳል፤ አንቡባ የሚሉት የጋዝ ሲሊንደርም የሚገኘው ተሰልፎ ነው። በዚያ ላይ ከሰሞኑ በግድቡ ወሬ የተነሣ ሐበሻ ሲያዩ ፊታቸውን የሚያጠቁሩ ስለበዙ፣ ሻይ ቤት ተሰብስቦ ኳስ ማየት የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ የሚተዋወቀው ሐበሻ ሁሉ ብርነሽ ቤት ሊመጣ ተስማማ። አሥራ አራት ሰው!

ለዚህ ሁሉ ሰው መላ ያመጣችው ሰናይት ነበረች። ሰናይት ሸይኽ ዛይድ በሚባለው ሰፈር ሕፃናት የምትጠብቅ፣ ከብርነሽ ጋር ቤት የምትጋራ ወጣት ናት።

«እትዬ፣ ፓስታ በቋሊማ እንሠራለን። በአንድ ድስት፣ በአንድ እሳት። ጋዙም ይተርፈናል» አለቻት።

«ፓስታውንስ በምን ትቀቅይዋለሽ?»

«እዚያው ከሱጎው ጋር።»

«ከሱጎው ጋር? ውኃውስ የት ይደፋል?»

«አይደፋም። ፓስታው ራሱ ይጠጣዋል።»

ብርነሽ ይህን ሳታይ ልታልፍ አትችልም። በርጩማ ስባ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠች። ሰናይት ሽንኩርቱን በዘይት አቁላላች፤ ነጭ ሽንኩርት ጨመረች፤ ቋሊማውን ቆራርጣ እስኪጠቁር ድረስ ጠበሰች፤ የቲማቲም ድልህ አክላ ደረቁን ፓስታ ገለበጠችበትና ውኃ ሞላችበት።

«ውኃው በስንት ጣት ይብለጠው?»

«በሁለት።»

«በሦስት ቢሆንስ?»

«ሾርባ ይሆናል።»

«በአንድስ?»

«ያራል።»

«አሁን ለምንድን ነው ቶሎ ቶሎ የምታማስዪው?»

«ከሥር እንዳይዝ ነዋ እትዬ! ደግሞ ክዳኑን አትክፈቺብኝ።»

ስለ ውኃውና ስለ ማማሰሉ ይህን ያህል የጠየቀችው ብርነሽ ስለ ቋሊማው አንዲት ቃል አላነሣችም። ሥጋ የምታውቀው ነገር ነዋ! አባቷ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሉካንዳ ነበራቸው፤ ያደገችው ሥጋ ሲንጠለጠልና ሲቆረጥ እያየች ነው። ቋሊማውን ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ከአንድ ኮፕት ክርስቲያን ሥጋ ሻጭ የገዛችውም ራሷ ናት። ሰውየው እያስረከባት «በደንብ አብስዪው» ብሏታል። ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ ለረጅም ሰዓት ቆየ፤ ማቀዝቀዣው ሥር ውኃ ተንጣሎ፣ ቋሊማውም ቀልጦ አገኘችው። አሸተተችው፤ አልሸተታትም። መብራት ሲመጣ መልሶ በረዶ ሆነ፣ እሷም ረሳችው።

ድስቱ እየፈላ ሳለ ያስቀረቻቸውን ሦስት ረጃጅም ቋሊማዎች አነሣች። ቆዳቸውን ገፍፋ በሳህን ላይ ፈረፈረቻቸውና በሚጥሚጣና በንጥር ቅቤ ትለውሳቸው ጀመር።

«እትዬ! ጥሬውን?» አለች ሰናይት።

«ክትፎ ነው። ምን ያስደነግጥሻል?»

«ክትፎ እኮ ሥጋውን አይተን፣ ትኩሱን ስንከትፈው ነው። ይሄ መቼ እንደተፈጨ አናውቅም፤ ምን እንደገባበትም አናውቅም። ደግሞ ትናንት ቀልጦ ነበር።»

«አሽትቼዋለሁ፣ ምንም አልሆነም። ሚጥሚጣው የማይገድለው ነገር የለም። እነሱ ጥሬ ስለማያውቁ ነው፣ ያዕኒ፣ ማለቴ፣ ‹አብስዪው፣ አብስዪው› የሚሉት። የሐበሻ ሆድ ይሄን መቻል ያቅተዋል? እኔ የሉካንዳ ልጅ ስለ ሥጋ ካንቺ ልማር?»

ሰናይት ወደ ድስቷ ተመለሰች። ታላቋን መሟገት ከበዳት።

የመጀመሪያውን ጉርሻ የቀመሰው አሰፋ ነበር። አሰፋ ዲሹን ሊያስተካክልላቸው መጥቶ፣ ጨዋታውን እንኳ ሳያይ ወደ ጥበቃ ሥራው የሚሮጥ የሰፈሩ ሰው ነው። «ሳትቀምስ ከዚህ በር አትወጣም» ብላ በሩ ላይ አጎረሰችው። ቀጥላ ራሷ ጎረሰች። ከዚያ ናርዶስ ከባሏ ከኢያሱ ጋር ገባች።

«ነይማ፣ አፍሽን ክፈቺ!»

«እኔ ይቅርብኝ እትዬ፤ በልቼ ነው የመጣሁት።»

«በልቶ መምጣት የሚባል ነገር እዚህ ቤት አይሠራም።»

«እውነቴን ነው፤ ትንሽ ሆዴን…»

«በሞቴ! አፈር ስሆን! እጄን ልትመልሺው ነው?»

ናርዶስ ባሏን አየችው። የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ዓምና አንድ ፅንስ ወርዶባት ስለነበር፣ ሆዷ ገፍቶ ሰው ራሱ እስኪያየው ድረስ ለማንም ላትናገር ከኢያሱ ጋር ተስማምታለች። ምክንያቱን ከተናገረች ምስጢሯ ይወጣል፤ ሳትናገር እምቢ ካለች ደግሞ እናት የሆነችላትን ሴት ማስቀየም ይሆናል። የብርነሽ እጅ አፏ ድረስ ደርሷል፤ ቅቤው ሊንጠባጠብ ነው። ከፈተችና ሳታላምጥ ዋጠችው።

የተረፈውን ብርነሽ ሳህኑን ጠርጋ በላችው። ጨዋታው ተጀመረ። ደቡብ አፍሪካ ቀድሞ ሲያገባ ቤቱ ጭር አለ፤ የእኛዎቹ አቻ ሲያደርጉ ጣሪያው የሚነሣ መሰለ፤ ያው ቀድሞ ያገባብን አጥቂያቸው በራሱ መረብ ላይ ሲያገባማ የማይተቃቀፍ አልነበረም። ድስቱ መሀል ወለሉ ላይ ተቀምጦ ሁሉም እየዞረ ጨለፈ። መረቁ ወፍሮ ፓስታው ላይ ተለጥፎ ነበር። ብርነሽም «ወይ ጉድ፣ እውነትም ጠጣው!» ብላ ሁለት ሳህን በላች።

ሰኞ ዕለት በቪላው ሆዷን ቆረጣት። ማክሰኞ ጠዋት ኢያሱ ደወለ። ድምፁ ልክ አልነበረም። ናርዶስ ትኩሳት ይዟት ሐኪም ቤት ተኝታለች፤ ያስመልሳታል፣ ያስቀምጣታል። «እትዬ፣ አልነገርንሽም እንጂ ነፍሰ ጡር ናት። ትኩሳቱ ካልወረደ ለፅንሱ ያሰጋዋል ብለውናል» አላት።

ብርነሽ ኩሽናው ወለል ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ያው አመሏ ተነሣባት፤ ምንድን ነው ያመመን? ብዙም ሳትቆይ መልሱን ያገኘችው መሰላት። ያ ውኃው ያልተደፋ ፓስታ! ከመቼ ወዲህ ነው ፓስታ ከነውኃው የሚበላው? ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ይዛ ዕቃ እያጠበች እንግዶቹን ሁሉ አንድ በአንድ ደወለችላቸው።

«ምን በላህ? ስንት ሳህን? አላመመህም? የሰናይት ፓስታ እኮ ነው ናርዶስን የጣላት። እኔ መጀመሪያውንም ጠርጥሬ ነበር።»

ወሬው ከብርነሽ ፈጥኖ ሰናይት ዘንድ ደረሰ። ሰናይት አልተከራከረችም። በሠራችው ምግብ ሰው ሞት አፋፍ ላይ ደርሷል ተብላ፣ የምትጠብቃቸውን ሕፃናት አቅፋ ስታለቅስ ዋለች።

የብርነሽ ምርመራ ግን አልሄድ አላት። ጥበቡ ሦስት ሳህን በልቶ ደህና ነው። ምንትዋብ የድስቱን ሥር እንኳ ፍቃ በልታለች፤ ስልኩን ያነሣችው እየሳቀች ነው። ሌሎቹም ደህና፣ ደህና፣ ደህና። ታመምኩ ያለው አሰፋ ብቻ ነበር።

«እኔማ ከሰኞ ጀምሮ አልጋ ላይ ነኝ» አላት።

«አየህ! ያ ፓስታ ነው!» አለች፤ ልቧ ትንሽ ቀለል አላት።

«የምን ፓስታ? ጨዋታው ሳይጀመር ሥራ ገባሁ እኮ ብርኔ። ያንቺን ጉርሻ ብቻ ነው የቀመስኩት።»

ብርነሽ የቧንቧውን ውኃ ዘጋች። አሰፋ፣ እሷ፣ ናርዶስ። ከጥሬው የበሉት ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ የታመሙትም ሦስቱ ብቻ። ከእንግዲህ ለሌላ ሰው መደወል አላስፈለጋትም።

መጀመሪያ ነገሩን ልትደብቀው አሰበች፤ ይህንንም ስንተርክ ማለፍ አይገባንም። ማን ያውቃል? ሁሉም ፓስታው ነው ብሎ አምኗል። ነገር ግን ያን ሰዓት መልሳ ለኢያሱ ስትደውል፣ ናርዶስ ለሐኪሟ የበላችው የተቀቀለ ፓስታ ብቻ እንደሆነ መናገሯን፣ ሐኪሟም የሙቀት ነገር ሳይሆን አይቀርም ብላ ግሉኮስ ብቻ እንደሰጠቻት ሰማች። ናርዶስ በትኩሳት እየነደደች የብርነሽን ስም ሸፍናለች። ይሉኝታ ማለት እስከዚህ ድረስ ነው!

ማዳም ፈቃድ ብትጠየቅ «ነገ» እንደምትል ብርነሽ ታውቃለች። በዚያን ቀን አልጠየቀችም። ሽርጧን አውልቃ «ሐኪም ቤት መሄዴ ነው» አለቻትና ወጣች።

ሐኪሟ መነጽር ያደረገች፣ ፊቷ ላይ ድካም የሚታይባት ግብፃዊት ነበረች። ብርነሽ በተሰባበረ ዓረብኛዋ ናርዶስ ጥሬ ሥጋ እንደበላች፣ የተፈጨ ቋሊማ እንደሆነ፣ ቀልጦም እንደገና መቀዝቀዙን፣ ያጎረሰቻትም ራሷ እንደሆነች ሁሉንም ተናገረች። ናርዶስ ከአልጋዋ ላይ «ተይ እትዬ» እያለች እጇን ታወዛውዝ ነበር።

«ጥሬውን? ለነፍሰ ጡር?» አለች ሐኪሟ። ከዚያ በላይ አልተቆጣችም፤ ጊዜ አልነበራትም። ነርሷን ጠርታ ደም አስወሰደች፤ መድኃኒቱንም ለወጠች። ሥራዋን ስትጨርስ ብርነሽ እንደ ልማዷ ጠየቀቻት።

«ዶክተር፣ አሽትቼው ነበር። አልሸተተኝም። ለምን?»

«ብዙው ጀርም አይሸትም። ሥጋ ሲፈጭ ላዩ ላይ ያለው ሁሉ ውስጡ ይገባል። ሙቀት ያባዛዋል፤ መልሶ ማቀዝቀዝም አይገድለውም። የሚገድለው እሳት ነው።»

«ሚጥሚጣስ?»

ሐኪሟ ሚጥሚጣ ምን እንደሆነ አላወቀችም። በርበሬ መሆኑን ሲነግሯት «አይገድለውም» ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ትኩሳቱ የወረደው በሦስተኛው ቀን ነው። የፅንሱን ልብ በማሽን ሲያሰሟቸው ኢያሱ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ብርነሽም ያን ቀን ስልኳን አንሥታ እነዚያኑ ሰዎች እንደገና አንድ በአንድ ደወለችላቸው። «ፓስታው አይደለም። ጥሬ ያጎረስኩት እኔ ነኝ። በሰናይት ላይ ያወራሁትም ሐሰት ነው» አለቻቸው። የመጨረሻውን የደወለችው ለራሷ ለሰናይት ነበር፤ ከሁሉም የከበዳት እሱ ነው። ሰናይትም «ማሌሽ፣ ግድ የለም እትዬ። ግን ያን ቀን ስነግርሽ ብትሰሚኝ ጥሩ ነበር» አለቻት።

ወገኖቼ፣ ጥሬ ሥጋ መውደዳችን ነውር አይደለም። ነውሩ ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደተፈጨ፣ እንዴት እንደዋለ ያልጠየቅነውን ሥጋ «የሐበሻ ሆድ ይችለዋል» እያልን መብላታችን ነው። ከዚያም የሚከፋው በፍቅር ስም የሰውን አፍ በግድ ማስከፈታችን ነው። «አልበላም» ያለ ሰው ምክንያት ይኖረዋል፤ ምክንያቱን የመናገር ዕዳ ግን የለበትም። ማጉረስ የምንወድ ሁሉ «እምቢ»ን መስማትም እንልመድ። የማናውቀውን እንደምንጠይቅ ሁሉ፣ በደንብ የምናውቀው የሚመስለንንም እንጠይቅ፤ ብዙ ጊዜ የሚጎዳን እሱ ነው።

ናርዶስ ከሐኪም ቤት ከመውጣቷ በፊት ብርነሽ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቆማ እጆቿን የምታደርግበት አጥታ ነበር።

«ምን ላምጣልሽ? አጥሚት? ዶሮ ወጥ? የምትፈልጊውን ብቻ ንገሪኝ» አለቻት።

«የሚበላ ነገር አታምጪልኝ እትዬ» አለች ናርዶስ። «እዚህ አጠገቤ ቁጭ በይልኝ።»

ብርነሽም ምንም ሳትጨምር ቁጭ አለች።