ዝቅ ያለው ትከሻ

ቀከቀከቀክ... ቀከቀክ... የስፌት መኪናው ድምፅ እስከ ደጅ ይሰማል። በሩ ላይ የቆመው ከሲታ ሰው ግን ለማንኳኳት አልደፈረም። ዐሥራ አራት ዓመት! ሰፈርተኛው «ንፋሱ» ይለው የነበረው፣ «ዓለምን ሳላይ አልሞትም» ብሎ በመርከብ ሥራ የኮበለለው የልብስ ሰፊው ልጅ እሱ ነው።

እሱ ከሄደ በኋላ ያ ቤት ያላየው መከራ ምን አለ? እናቱ «ልጄን አደራ» እያለች ስትጸልይ አረፈች። አባቱ ስሙ በቤቱ እንዳይነሳ ከለከሉ፤ ውሎ አድሮ ዓይናቸውም ጠፋ። ታላቅ እህቱ የመጣላትን ትዳር መልሳ መኪናው ላይ ተቀመጠች፤ ወጣትነቷም እዚያው መርገጫው ላይ አለቀ! ልኬቱን ግን አባት ለማንም አይሰጡም። ቋጠሮ ባሰሩበት ሜትር በዳሰሳ ይለካሉ፣ ቁጥሩን ይጠራሉ፣ እሷ ትጽፋለች።

እሱስ? ከወደብ ወደብ ዞረ፤ ጠጣ፣ ጨፈረ፣ ያላየው ጉድ የለም። በየከተማው ማግስት ግን ያው ባዶነት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር። በመጨረሻ ሳምባውን ታሞ ሆስፒታል ተኛ። ጎኑ የተኛው በሽተኛ ወንጌል ሲያነብለት ዕድሜውን ሙሉ የራበው ምን እንደነበር ገባው... አልቅሶ ጸለየ። ከዚያች ቀን ወዲህ የትም መሄድ አላማረውም። የቀረው የአባቱ ይቅርታ ብቻ ነበር።

ገባ። መኪናው ቀጥ አለ። እህቱ አፏን በእጇ ያዘች። እሱ ግን ፈራና ድምፁን ለውጦ «ኮት ላሰፋ ነበር» አለ።

«ቁም የኔ ጌታ» አሉ አባት ሜትራቸውን እየዘረጉ። «ወገብ፣ ሰባ! ምነው፣ ሚስትህ ምሳ ትደብቅብሃለች እንዴ? እጅ፣ ስልሳ ሁለት። ትከሻ...»

እጃቸው ቆመ። ቀኝ ትከሻው ከግራው በአንድ ጣት ዝቅ ይላል። ደግመው ዳሰሱ።

«ይሄን ትከሻ... ከልጅነቱ ጀምሮ ጨርቅ እየደረብኩ ያቃናሁት እኔ ነኝ።»

«አባዬ...»

«የወጣህለትን አገኘኸው ወይ?»

«ባሕሩ ላይ አልነበረም፣ አባዬ። ታምሜ ስወድቅ ክርስቶስ አገኘኝ። አሁን ጠግቤያለሁ። አንተ ብቻ ይቅር በለኝ!»

ሽማግሌው ሜትሩን ጣሉ። ከዚያ ያንን ዝቅ ያለ ትከሻ አቅፈው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ።

«እናትህ የለመነችውን እግዜር ሰማላት። እኔስ በቂም ታስሬ፣ ከዚህች ክፍል ሳልወጣ ከእሱ ርቄ አልነበር? ይቅር ብዬሃለሁ ልጄ... እኔንም ይማረኝ።»

አቤት የሰው ዕጣ! ስንቱ ዕረፍት ፍለጋ አገር ላገር ይንከራተታል? ነፍስ ግን ከፈጣሪዋ እቅፍ ሌላ ማረፊያ የላትም። በዚያች ጠባብ ክፍል ያን ቀን እንባ ፈሰሰ፤ ከዓመታት በኋላ ግን ልብ የሚያቀል እንባ ነበር።

እህቱ ቀስ ብላ ከወንበሩ ተነሳች። ልብሷ ላይ የቀረውን ክር አራገፈች፣ የወንድሟን ግንባር ሳመች፣ ሻርፗን ከሚስማሩ አወረደች።

«እታለም፣ ወዴት ነው?» አላት።

«ወንበሩ ያንተ ነው፤ አሁን ተራው የእኔ» ብላ በሩን ከፍታ ወጣች።