ቦታ ያዢልኝ

ይሄ ታሪክ የደረሰው በራሴ ላይ ነው። ከሰው የሰማሁት አይደለም።

ሌሊትም አልነበረም። መብራት አልጠፋም፣ ውሻ አላላዘነም። ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ነው... ፀሐይዋ ገና ወለል ብላ፣ ልጆች አይስክሬም እየላሱ፣ ሙዚቃው እየጮኸ።

ማመን የማይፈልግ አይመን። እኔም የማወራው ታምኑኛላችሁ ብዬ ሳይሆን ዝም ማለቱ ስለደከመኝ ነው።

የምሠራው መዝናኛ ፓርክ ውስጥ ነው። ሥራዬን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። የሰልፍ ጭራ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓርኩ የሚዘጋበት ሰዓት ሲደርስ ደወል ይደወላል። ከደወሉ በፊት የተሰለፈ ሰው፣ ሰልፉ የቱንም ያህል ቢረዝም፣ ተራው ደርሶ ሳይሳፈር አይመለስም። ከደወሉ በኋላ የመጣ ግን ማንም ቢሆን አይሰለፍም። ስለዚህ አንድ ሰው «ሰልፉ እዚህ ያበቃል» የሚል ሰሌዳ ይዞ ከመጨረሻው ሰው ኋላ ይቆማል። ሰልፉ ሲጠጋ አብሮ ይጠጋል። ያ ሰው እኔ ነኝ።

ድሮ የምንዘጋው ማታ አንድ ሰዓት ነበር። አለቆቻችን ተሰብስበው አስራ አንድ ሰዓት አደረጉት። ሰዓቱ ሲያጥር ሰውም የሚቀንስ መስሏቸው ነበር። ሰው መች ቀነሰ... ተጠራቀመ እንጂ። ቀድሞ ከሥራ ወጥቶ፣ ልጁን ከትምህርት ቤት አምጥቶ፣ ልብስ ቀይሮ ዘና ብሎ ይመጣ የነበረው ሁሉ አሁን በመጨረሻዋ ግማሽ ሰዓት እያለከለከ ይደርሳል። ሁሉም የሚሮጠው ደግሞ ወደ ዋሻው ባቡር ነው። ሌላው ቢቀር እሱ አያምልጠን ይላሉ። ጠዋት ቢመጡ እኮ ባቡሩ ባዶውን ነው የሚዞረው። ለስንቱ ነገርኩ፣ ማን ይሰማል።

ከደወሉ በኋላ ያልሰማሁት ሰበብ የለም። «ቅድም ነበርኩ፣ ሽንት ቤት ሄጄ ነው» ይላል አንዱ። ሌላው «ልጄን አሞት ነው የዘገየነው» ይላል፣ ልጁ ኋላው እየዘለለ። አንጀቴን የሚያሳርረኝ ግን «ቦታ ተይዞልኝ ነው» የሚለው ነው።

ባለቤቴ የሞተው በክረምቱ መግቢያ ነው። አላለቀስኩም። ሰዎች ጠንካራ ናት አሉ። ጥንካሬ አልነበረም፣ ሲንተራሱት እንዳደረ ክንድ ደንዝዤ ነው። ነፍስ ሲዘራ ያመኛል ብዬ ጠበቅኩ። ሕመሙ ግን አልመጣም።

የቀረችኝ ልጄ ናት። ሰባት ዓመቷ ነው፣ ጩጬ እንላታለን። ከትምህርት ቤት ስትወጣ እኔ ጋ ትመጣለች። ከፊቴ ትቆምና የመጨረሻ ተሰላፊ ሆና በመጨረሻው ባቡር አንዴ ዞራ ትወርዳለች። ከዚያ እጅ ለእጅ ተያይዘን ወደ ቤት። በቀኔ ውስጥ ደስ የሚለኝ ነገር ቢኖር እሱ ነበር።

አንድ ቀን ከፊቴ የቆመ ሰውዬ ዞር ብሎ በሹክሹክታ አናገረኝ።

«ሴትዮዋን ሰልፉ ማብቃቱን አትነግሪያትም እንዴ?»

«የትኛዋን?»

«ከኋላሽ ያለችውን።»

ዞርኩ። መንገዱ ባዶ ነው... ራቅ ብላ ጠራጊዋ ቅጠል ትሰበስባለች፣ በቃ። ስመለስ ሰውዬው ጫማውን እያየ ነበር።

በሌላ ቀን ሁለት ወጣቶች ከፊታቸው የአንድ ሰው ክፍተት ትተው ቆሙ።

«ጠጋ በሉ» አልኳቸው።

«ቦታ ተይዟል።»

«ለማን?»

ተያዩ። አንዲት ሴት መጣሁ ብላ ሄዳለች አሉኝ። ምን እንደምትመስል ብጠይቃቸው አንዱም አላስታወሰም።

ሴትየዋ አልመጣችም። ባቡሩን የሚያስነሱት ሽማግሌ፣ ጋሼ ፊሽካ የምንላቸው፣ ወጣቶቹን አሳፈሩና ከፊታቸው ያለው ወንበር ላይ ሰው ሳያስቀምጡ የመያዣውን ብረት ዘጉት። ብረቱ እስከ ታች አልወረደም... ሰው ጭን ላይ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ።

አልፈራሁም። መፍራት እንደነበረብኝ ግን አውቃለሁ።

«ጋሼ፣ ባዶ ወንበር ለምን ይልካሉ?»

ፊሽካቸውን ከአፋቸው አወጡ። «ለእሷ ነው።»

«ለማን?»

«በድሮው ሰዓት ለምትመጣዋ። ሰዓቱ መቀየሩን የነገራት የለም መሰለኝ።» ስለ ዝናብ የሚያወሩ ነበር የሚመስሉት። «ቦታ ያዙልኝ ትላለች። እሺ ያላት ይይዝላታል። ወንበሯን ካልላክሁላት የያዘላት ሰው አይላቀቅም። አንድ አባት እዚህ ቆሞ ሊቀር ነበር... ሚስቱ እያለቀሰች ብትጎትተው እንቢ አለ።»

«ከዚያስ?»

«ባቡሩን ባዶውን አስነሳሁ። ሰውየው ወዲያው ቦታውን ለቀቀ።»

ወደ ጩጬ አዩ። ልጅቷን ንገሪያት አሉኝ።

ነገርኳት። ማንም ቦታ ያዢልኝ ቢልሽ እሺ እንዳትዪ አልኳት። ለምን አለች። ዝም ብሎ አልኳት።

ከዚያ ያ ረቡዕ መጣ።

ሰልፉ ረጅም ነበር። ደወሉ ተደወለ፣ ሰሌዳዬን ከፍ አደረግኩ። ወዲያው ድምፅ ማጉያው ተከፈተ። ከዛሬ ጀምሮ ደወል ሲደወል ባቡሩም ይቆማል፣ የተሰለፋችሁ ነገ በጊዜ ኑ ይላል። ለእኛ ለሠራተኞቹ እንኳን ማንም አልነገረን። ሰዉ አጉረመረመ፣ ጥቂቶች ተሳደቡ፣ ከዚያ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወጡ።

ሜዳው ባዶ ሆነ። ጩጬ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

«ነይ እንሂድ።»

«አልችልም።»

«ለምን?»

በሹክሹክታ መለሰች። «ቦታ ይዤ ነው።»

«እሺ እንዳትዪ አላልኩሽም?»

«እሺ አላልኩም... ራሴን ብቻ ነቀነቅኩ።»

«ምን አይነት ሴት ናት?»

«ፊቷን በደንብ አላየሁትም። አንቺ ከልለሽብኝ ነው... ከኋላሽ ነበረች።»

ወደ ጋሼ ፊሽካ ዞርኩ። እጃቸው ማስነሻው ላይ ነው፣ ባቡሩ ግን ጸጥ ብሏል።

«አለቆቹ ቁልፉን ወስደውታል» አሉ ቀስ ብለው።

እጇን ይዤ ጎተትኳት። መጣች። ግን አጠገቤ አልሄደችም... ክንዷን እስከቻለች ዘርግታ፣ በመሃላችን የአንድ ሰው ቦታ ትታ ነው የተከተለችኝ። አውቶቡስ ውስጥም እንደዚያው። አንዲት እናት ወደ ክፍተቱ ልትገባ ብላ ድንገት እግሯን መለሰች። ለምን እንደመለሰች ራሷም ያወቀች አልመሰለኝም።

በማግስቱ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። ባቡሩን አንዴ ብቻ ባዶውን አስነሱልኝ ብዬ ለመንኩ። እረፍት ውሰጂ አለኝ፣ ሐዘን ላይ ነሽ። ባቡሩ ለጥገና ተዘግቷል፣ ጋሼም ተሰናብተዋል።

ልጄ እየራቀችኝ ሄደች። አስተማሪዋ ደወለችልኝ፣ በጠዋቱ ሰልፍ ከፊቷ ሰው አታስቆምም ብላ። ገበታ ላይ ራቅ ብላ ትቀመጣለች። የምትተኛው አልጋው ጠርዝ ላይ ነው። እቅፍ ላድርጋት ስል እጇን ዘርግታ ታስቆመኛለች።

«እማዬ፣ ሰው አለ።»

ይሄን ስትል ፊቷ ላይ ምንም የለም። እንደ እኔ ሆነች። ልጄ እንደ እኔ ደነዘዘች፣ እና እሱን ነው መቋቋም ያቃተኝ።

አንድ ቀን ወጥ ቤት ውስጥ ድስት ጥጄ በሩ ላይ ቆማ አየኋት። አስራ አንድ ሰዓት ነው፣ ፀሐይ በመስኮቱ ትገባለች። ተንበረከክሁ።

«ጩጬ... ቦታውን እኔ ልያዝላት።»

«ይቻላል?»

«ሰልፍ ላይ ይቻላል። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይይዝለታል።»

አሰበችበት። ምን ያህል እንደደከማት ያየሁት ያኔ ነው።

«እሺ» አለች።

ክፍተቱን አልፋ መጣችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ፀጉሯን አሸተትኩት፣ የሳሙና ሽታ አለው። አለቀስኩ... ትንሽ ነው፣ ግን አለቀስኩ። ከዚያ እየሮጠች ክፍሏ ገባች። ወዲያው አሻንጉሊቶቿን ስታጣላ ሰማኋት።

ተነሳሁ። ድስቱ ሊያር ነው። ምድጃው እጅ ሲዘረጋ የሚደርስበት ነው... እኔ ግን አልተጠጋሁም። ከፊቴ የአንድ ሰው ቦታ አለ። መጠጋት ነውር መሰለኝ።

ቆሜ ጠበቅሁ።

ከኋላዬ አንድ የወንድ ድምፅ፣ ጨዋና ዝቅ ያለ...

«ይቅርታ፣ የመጨረሻዋ አንቺ ነሽ?»

አልዞርኩም። አፌ ከልማድ የተነሳ መለሰ።

«አዎ።»

ሰውየው ቆመ። አፍታ ሳይቆይ ሌላ ድምፅ እሱን ጠየቀው፣ የመጨረሻው አንተ ነህ ብሎ። አዎ አለ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ራቅ ብሎ፣ ኮሪደሩ ውስጥ፣ ሌላ። የሚገፋ የለም፣ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ የለም።

የጩጬ በር ሲከፈት ሰማሁ።

«እማዬ፣ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ።»

እዚያው ሁኚ ልላት ፈለግኩ። ድምፄ አልወጣም።

ከክፍሏ እስከ ወጥ ቤቱ ያለው ኮሪደር አጭር ነው። ትንንሽ እግሮቿ መጡ፣ ቆሙ፣ እንደገና መጡ።

«ይቅርታ... አሳልፉኝ» ትላለች። «እናቴ ጋ ነው... ይቅርታ... አሳልፉኝ...»

ደጋግማ ትላለች፣ እንዳስተማርኳት በትህትና። ድምጿ ግን እየቀረበ አልነበረም።