የዘጋሁት ስም ተመልሶ መጣ

ፈጠራ ነው የሚለኝ ካለ፣ ይምጣና የውሻዬን አንገት ይይ።

እሁድ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ፀሐይዋ ሳሎኑን ሞልታዋለች፤ ብቻዬን ነኝ።

ኮምፒውተሩ የታላቅ ወንድሜ ነበር። አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ወረወረልኝ። ታናሹ ብሆንም ብረት እየበየድኩ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ግን በሰው ፊት «ብረቱ» ይለኛል። ጭንቅላቴን ማለቱ ነው።

ምንም ሳልከፍት የኮምፒውተሩ ማራገቢያ መጮህ ጀመረ...

ከጀርባ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች የሚያሳየውን መስኮት ከፈትኩ። ሁለቱን አላውቃቸውም። ስማቸው የተዘበራረቀ ፊደል ነው።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

«ያልገባህን አትንካ! መጀመሪያ ስሙን ኢንተርኔት ላይ ፈልግና ምን እንደሆነ እወቅ። አንተ እኮ የማታውቀውን ሁሉ በመዶሻ ነው የምትለው።»

ሚስቱ ከጎኑ ስትስቅ ሰማኋት።

በንዴት አንዱን ዘጋሁት።

ውጭ ሲጮህ የነበረው ውሻዬ... ጩኸቱ መሀል ላይ ተቆረጠ።

ወጣሁ። አንገቱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጠምዝዟል። አፍንጫው ደም ነው።

ላቅፈው ጎንበስ ስል፣ ማራገቢያው እንደገና ጮኸ።

ውሻው ተነሳ። ጅራቱን ቆላልኝ። ፊቱ ግን... ወደ ጀርባው እንደዞረ ቀረ።

ሮጬ ገባሁ። የዘጋሁት ስም ራሱን አስነስቶ ተመልሷል።

ወንድሜን «ባክህ ድረስልኝ» አልኩት።

መጣ። ገፍትሮ ከወንበሬ አስነሳኝና ተቀመጠ። እሱ እንደገባ ሦስተኛ ስም ብቅ ብሏል።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

ሲናገር ከስሙ ጎን ያለው ቁጥር ዘለለ። ዝም ሲል ወረደ።

«እኔ... ነኝ?» አለ በሹክሹክታ።

ዘለለ።

በቤቱ መስኮት ውሻውን አሳየሁት። ጀርባውን ሰጥቶ ያየናል።

ማውሱን ነጠቅኩትና ቀስቱን ሦስተኛው ስም ላይ አቆምኩት።

«ወንድምዬ... እጅህን አንሳ።»

ወንድምዬ! ይሄን ሁሉ ዓመት የት ነበረች ይቺ ቃል?

«አሁን ማን ነው የማይገባው?» አልኩት።

ዘሎ በቡጢ አፌን አለኝ። ጥርሴ ምላሴ ላይ ወደቀ። ጉሮሮውን አነቅኩት። ጠረጴዛው ላይ ተጋደምን፤ ደሜ ቁልፎቹ ላይ ተረጨ። ጣቴ ማውሱን ተጫነች። ወዳ ይሁን ሳትወድ... እኔም አላውቅም።

አንገቱ ቀጭ አለ። እንደ ደረቅ እንጨት።

ወንድሜ እጄ ላይ ዝልፍልፍ አለ።

«ተመለስ» አልኩ ስክሪኑን እያየሁ። «ተመለስና ብረቱ በለኝ...»

ማራገቢያው ጮኸ።

ወንድሜ ተነሳ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ደረቱ ወደ እኔ ነው... ፊቱ ወደ ስክሪኑ።

ይሄን የምጽፍላችሁ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ በስልኬ ነው። በሩ ላይ ውሻው ቆሟል።

ካላወቅናቸው ስሞች አንድ ቀርቷል። ስተነፍስ ቁጥሩ ይወጣል። ትንፋሼን ስይዝ ይቆማል።

ወንድሜ እጆቹን ወደ ኋላ አዙሮ የቀረውን ስም ኢንተርኔት መፈለጊያው ላይ እየጻፈ ነው... ፊደል በፊደል።

ምን እንደሆነ ሳያውቅ አይነካውም።