በመስመሩ ላይ የተደፋው ፀጉር አስተካካይ

ፀጉር አስተካካዩ በግንባሩ ተደፍቶ የተገኘው ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ስንት ዓመት የተሟገተለት የቢስክሌት መስመር ላይ ነው። ቢስክሌቱ ከጎኑ ተጋድሟል። ጎህ ሲቀድ ያየችው የመንገድ ጠራጊ በካፖርቷ ሸፍናው ፖሊስ ጠራች።

መርማሪው ገና ሳይደርስ አለቃው ደወለለት። «ፍሬን እምቢ ብሎት ነው። ከቀትር በፊት አደጋ ብለህ ፈርምና ግባ።»

መርማሪውን በመሥሪያ ቤቱ ቆንጥር ይሉታል፤ የያዘውን አይለቅም ለማለት፣ ደግሞም ለማሾፍ። ለእኩዮቹ ሁሉ መኪና ሲታደል ለእሱ የደረሰው ቢስክሌት ነበር። ያን ቀን የሳቁበትን ሰዎች ጥርስ አንድ በአንድ ያስታውሳል።

ካፖርቱን ገለጥ አደረገ። የሟቹ ማጅራት ተፈንክቷል፣ መዳፎቹ ግን ጭረት እንኳ የላቸውም። ቁልቁለት ላይ የተወረወረ ሰው እጁን ሳይዘረጋ ይወድቃል? ሲያገላብጠው ሹራቡ ደረቱ ላይ ቁርጥራጭ ፀጉር ጠግቧል፤ ጥቁሩ፣ ሽበቱ፣ ቀዩ። በሥራ ላይ ሽርጥ የሚታጠቅ ሰው ይህን ሁሉ ከየት አመጣው? ወደ እግሩ ወረደ። የግራው ሱሪ ጫፍ ተሰብስቦ በፀጉር መቆንጠጫ ተይዟል። የቀኙ ተለቋል፤ ጫፉ ግን ከብዙ መቆንጠጥ የተነሳ ተጨማዷል። ቆንጥር የራሱን እግር አየና ካፖርቱን መለሰ። ስለ መቆንጠጫው ለማንም አልተነፈሰም።

የሟች ሚስት እንባዋን ጨርሳ ነበር የጠበቀችው።

«ለዛሬው ስብሰባ ከጓደኞቹ ጋር ሲዘጋጅ ያድራል ብዬ ነው ወጥቼ ያልፈለግሁት። ከሰዓት በኋላ የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች መስመሩን አጥፍተው አውራ ጎዳናውን ለማስፋት ይወስናሉ። እናንተ አደጋ ነው ካላችሁ፣ ‹ይኸው መስመሩ ሰው ገደለ› ብለው በእሱ ሬሳ ያጠፉታል። ባሌ ሁለት ጊዜ ይሙትብኝ?»

«ማን ይጠላው ነበር፣ እህቴ?»

«ማን ይወደው ነበር ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር። ዕቅዱን ያወጣው መሐንዲስ አለ። ወንድሜ አለ፤ ቤቱ የጋራችን ስለሆነ ፈርሶ ካሳ እንዲሰጠን ይፈልጋል። ፊት ለፊት ያለው የሲሚንቶ ሻጭ ደግሞ መስመሩ ከተሰመረ ወዲህ ሰላምታ ነስቶናል።»

መሐንዲሱ በቢሮው ሲጽፍ ተገኘ። ‹በመስመሩ ምክንያት የደረሰ አደጋ› የሚለው ርዕስ ቀለሙ ገና አልደረቀም።

«ፈጠኑ» አለ ቆንጥር።

«ሥራ ነው። ሰውየውን በስብሰባ ላይ እንጂ አላውቀውም።»

«ቢስክሌት ሲነዳ ሱሪውን የትኛው እግሩ ላይ ያስር ነበር?»

«ሱሪ ይታሰራል እንዴ?»

የሚስትየው ወንድም የራሱን ቢስክሌት እየገፋ መጣ። እሱ ያንኑ ጥያቄ ሲጠየቅ የራሱን ቀኝ ባት ቸብ አደረገ። «ሰንሰለቱ ባለበት በኩል ነዋ፣ እንዳይበላው! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ከእህቴ ባል ጋር ተጣልቻለሁ፣ እሱን አልክድም። ግን እህቴን ጥቁር የማለብሳት ሰው እመስላለሁ?»

ሲሚንቶ ሻጩ ሱቁ በር ላይ ተቀምጧል፤ ሸራ የለበሰው የጭነት መኪናው ከጓሮ ቆሟል። ከተቀመጠበት ሆኖ የፀጉር ቤቱ በር ወለል ብሎ ይታያል።

«ነፍስ ይማር ልል ነበር፣ ምላሴ እምቢ አለኝ» አለ።

«ሱሪውን የቱ ጋ ነበር የሚያስረው?»

«ግራውን። በየቀኑ እያየሁት! ያቺን የምታብለጨልጭ መቆንጠጫ ቆንጥጦ፣ ከበሩ ላይ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ ደወሉን አቃጭሎብኝ ይሄዳል።»

ቆንጥር አመስግኖት ሄደ። ቀትር ሳይደርስ ሁሉንም ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሰበሰባቸው። አለቃው ሁለቴ ደወለ፤ ስልኩን ዘጋው።

«ሰውየው ከቢስክሌት አልወደቀም» አለ። «ማጅራቱን የተመታው እዚህ ነው። ትናንት ማምሻውን ሽርጡን ፈትቶ የተቆረጠውን ፀጉር ሲጠርግ፣ ከኋላው ተመቶ ወለሉ ላይ ተደፋ። ፀጉሩ ደረቱ ላይ የቀረው ለዚህ ነው። ገዳዩ ወለሉን ጠረገ፣ ሬሳውንና ቢስክሌቱን ጭኖ ወስዶ መስመሩ ላይ ጣላቸው። አደጋ እንዲመስልም ሱሪውን ቆነጠጠለት፤ በግራ በኩል።»

የሚስትየው ወንድም ብድግ አለ። «በግራ? ሰንሰለቱ በቀኝ ሆኖ?»

«አየህ፣ አንተ አይደለህም። ቢስክሌት የሚነዳ ሰው ይህን አይሳሳትም። መሐንዲሱም አይደሉም፤ ሱሪ መታሰሩን የማያውቅ ሰው ለማሰርም አያስብም። ገዳዩ መታሰሩን የሚያውቅ፣ ነድቶ ግን የማያውቅ ነው።»

ከዚያ የገዛ ቀኝ ሱሪውን ቆንጥጦ በሩ ላይ ቆመና ወደ ሲሚንቶ ሻጩ ዞረ። «ከተቀመጥክበት ሆነህ በእጅህ ጠቁመኝ። መቆንጠጫው በየት በኩል ነው?»

ሰውየው በግራ እጁ ጠቆመ።

ቆንጥር ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶት ከፊቱ ቆመ። «አሁንስ?»

ግራ እጁ በአየር ላይ ቀረ። መቆንጠጫው በቀኙ በኩል ነበር።

«ስታየው የኖርከው ፊት ለፊት ነው፤ የእሱ ቀኝ ላንተ ግራ። ሬሳው በግንባሩ ሲደፋ ግን ከጀርባው ሆነህ ግራውን ቆነጠጥክ።»

«ግራ መጋባት ወንጀል ሆነ?»

«አልሆነም። የጭነት መኪናህ ግን ሲሚንቶ ብቻ ነው የሚጭነው። ፖሊሶቼ አሁን ሸራህን ገልጠውት ነበር፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ ፀጉር ተለጥፎበታል።»

ሲሚንቶ ሻጩ ተነስቶ ቆመ። ከዚያ ዓመታት የታመቀው ገነፈለ። «ከተሰመረ ወዲህ በሬ ላይ መኪና ቆሞ አያውቅም! አቤት ስለው ‹ቢስክሌት ግዛ› አለኝ። በሰው ፊት! ሁሉም ሳቁብኝ። እዚያው መስመሩ ላይ ልጣለውና ሞቱም መስመሩን ይዞት ይሂድ አልኩ።»

«ሳቅ እንዴት እንደሚያም አውቃለሁ» አለ ቆንጥር ዝግ ብሎ፣ ካቴናውን እያጠበቀ። «ከአንተ የበለጠ አውቃለሁ።»

ሚስትየው ተነስታ የመሐንዲሱን ወረቀት ከእጁ ወሰደችና ደረቱ ላይ መልሳ ለጠፈችበት። «ይህን የጻፍከው አንተ ነህ። ስብሰባው ላይ በገዛ አፍህ ውሸት ነበር ትላለህ። እኔ ከፊትህ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፣ ዓይኔን ከዓይንህ አልነቅልም።»

መሐንዲሱ አንገቱን ደፋ። እሷ ወደታሰረው ሰው ዞረች። ይሰቀልልኝ ትላለች ብለው ሁሉም ጠበቁ።

«እንዲሰቅሉህ አልፈልግም» አለችው። «ዕድሜ ይስጥህ። መስመሩ ከእኔ ቤት ተነስቶ እስከ እስር ቤትህ አጥር ሲሰመር የምታይበት ዕድሜ ይስጥህ። እኔም በዚያው እየነዳሁ እመጣለሁ፤ ልጠይቅህ ሳይሆን፣ ሳልፍ እንድታየኝ።»