ከፍ ያለችው ላንድሮቨር

የግራዎቹ ጎማዎች መሬቱን ሲለቁ፣ ዘርፌ የበሩን እጀታ ጨበጠች። ላንድሮቨሯ የደረቀውን ወንዝ ዳርቻ አግድም ይዛ እየወጣች ሳለ ድንገት ወደ ቀኝ ዘመመች። በዘርፌ በኩል ካለው መስኮት ሰማዩ ጠፋና ከታች የወንዙ አሸዋ ብቻ ታየ። ትከሻዋ ከበሩ ጋር ተጣበቀ። ከኋላ የነበረው የመፍቻ ሣጥን እየተንሸራተተ መጥቶ ከብረቱ ጋር ተላተመ።

«ሙሌ!» አለች።

ወንድሟ ሙሉነህ መሪውን ወደ ቁልቁለቱ ጠመዘዘው። መኪናዋ ለአፍታ በሁለት ጎማ እንደቆመች ቆየችና አፍንጫዋን ደፍታ ወደ አሸዋው ተንደረደረች። ጎማዎቹ ሲያርፉ ከሥር ቀጭ የሚል ነገር ተሰማ። ሞተሩም ጠፋ።

ከወንዙ ማዶ አንዲት ግመል የግራር ቅጠል እያኘከች ታያቸዋለች። ሙሉነህ መዳፎቹን በሱሪው ላይ ደጋግሞ ጠረገ። ከዚያ ሳቀ፤ ሳቁ ግን የራሱ አይመስልም ነበር።

«አየሽ? አልተገለበጠችም።»

«ልትገለበጥ ነበር።»

«ልትገለበጥ ነበር ማለትና ተገለበጠች ማለት አንድ አይደለም። ዳርቻውን በደንብ ስላላየሁት ነው እንጂ እሷ ምንም አልሆነችም።» ሞተሩን አስነሳ። መኪናዋ ስትንቀሳቀስ፣ ጠጠር የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ ከኋላ በኩል ጎማው በዞረ ቁጥር ይሰማ ጀመር። ሙሉነህ ትንሽ አዳመጠና ነዳጁን ጨመረ፤ ድምፁ በሞተሩ ጩኸት ተዋጠ። ነገሌ ለመግባት ጥቂት ሲቀራቸው «ለእማዬ እንዳትነግሪያት» አላት። «ነገ መንገድ አለን። አሁን ብትሰማ ትደነግጣለች።»

ዘርፌ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። እሺ ማለቷ ይሁን አይሁን እሷም አላወቀችውም።

ይህ የሆነው በ1961 ዓ.ም. የሚያዝያ ዝናብ ሊገባ ሲያስገመግም ነው። ላንድሮቨሯ የአባታቸው ነበረች። አባታቸው ካረፉ ወዲህ እናታቸው እትዬ ሐረገወይን ሱቁንም መኪናዋንም ብቻቸውን ነው የያዙት። በየሳምንቱ ጃታኒ የሚባለው የቦረና ሰው እየነዳ ሰውና ጨው፣ ስኳርና ሻይ ቅጠል ወደ አሬሮና ወደ ሜጋ ያደርሳል። ባለፈው ዝናብ ግን መኪናዋ የጭነት መኪኖች በቆፈሩት መንገድ ላይ በሆዷ ተቀምጣ፣ ጎማዎቿ በሁለቱ ቦይ ውስጥ እየተሽከረከሩ፣ ሰው ሁሉ ጭቃ ውስጥ አደረ። እትዬ ሐረገወይን የዚያን ጊዜ «በሚቀጥለው ዝናብም እንዲህ የምታደርገኝ ከሆነ እሸጣታለሁ» ብለው ነበር።

ሙሉነህ አዲስ አበባ የሚማርበትን የቴክኒክ ትምህርት ቤት አቋርጦ የመጣው ይህን ሲሰማ ነው። መጋቢት ላይ በሱቁ ውስጥ ተቀምጠው ተመካከሩ። አቅማቸው ከሁለት ነገሮች ለአንዱ ብቻ ነበር። ሙሉነህ መኪናዋ ከፍ ትበል አለ። የሚሸከማት ባሌስትራ ላይ ከጭነት መኪና የተፈታ ንጣፍ ብረት ይጨመርባት፤ ትልልቅ ጎማ ይግባላት፤ ያኔ ሆዷ ጭቃ አይነካም። ጃታኒ ደግሞ ከሥር ያለው ይቅደም አለ። ኃይሉን ለጎማዎቹ የሚያካፍለው ዲፈረንሻል ጥርሱ አልቋል፤ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞሩት ዘንጎችም አርጅተዋል።

«ላኪ፣ አይደለም፤ ከፍታው አያስፈልግም አላልኩም» አለ ጃታኒ። «እግሯ ሳይጠና ረጅም ብትሆን ምን ይረባል? እሱን ነው ያልኩት።»

«አንተ እኮ ነህ ጭቃ ውስጥ ያስገባሃት» አለው ሙሉነህ። ጃታኒ ፊቱን አዞረ። እውነት ነበር።

እትዬ ሐረገወይን ወደ ዘርፌ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ? አባትሽ ሲነዳ ካንቺ ውጭ ማንንም አጠገቡ አያስቀምጥም ነበር።»

ዘርፌ የዲፈረንሻሉን ድምፅ ታውቀዋለች። አባቷ በሕይወት ሳሉም እንደ ንብ ሲያጉረመርም ሰምታዋለች፤ እየባሰበት እንደሄደም ታውቃለች። ግን ሙሉነህ አሸንፎ መኪናዋን ከያዘ እዚሁ ይቀራል። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ እሷና እናቷ ብቻቸውን የሚበሉት እራት፣ ማንም የማይስቅበት ቤት ታሰባት። «ከፍ ትበል» አለች። ነገሩ በዚያው አለቀ፤ ሙሉነህ መኪናዋን ከፍ አደረጋት፤ ወደ ወንዙ የወጡትም ሊሞክሯት ነበር።

ከወንዙ በተመለሱበት ቀን ማታ እራት ላይ ሙሉነህ የሙከራውን ወሬ ለእናቱ አወራ። የዋሸው ሁሉንም አልነበረም። ያቺ ባለፈው ዓመት ያደሩባት የጭቃ ጉድጓድ ከትናንቱ ካፊያ ውሃ ይዛ ነበር፤ ላንድሮቨሯ ምንም ሳትነካ አልፋታለች። ዘርፌም በዚያች ሰዓት በደስታ ዳሽቦርዱን እየደበደበች ነበር። ከዚያ በኋላ ስለሆነው ግን ሙሉነህ «ዳገቱንም እንደ ፍየል ወጣችው» ብሎ አለፈው።

እትዬ ሐረገወይን ሳቁ። ጥርሳቸው ሁሉ እስኪታይ ነው የሳቁት። «አባታችሁ ቢያያት» አሉ።

ዘርፌ የቆረሰችውን እንጀራ ይዛ ቀረች። ወጡ አልጣማትም። ተነስታ ውሃ ቀዳች፤ ሳትጠጣው አስቀመጠችው። የሒሳብ ደብተሯን ከፈተች፤ አንዷን ጥያቄ ደጋግማ አነበበቻት፤ መልሳ ዘጋችው። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደርሶ ነበር፤ የምታስበው ግን ስለ ነገዎቹ መንገደኞች ነው። ግቢው ውስጥ ወጥታ መኪናዋን ዞረቻት። ድሮ የሞተሩን መከለያ በክንዷ ትደገፈው ነበር፤ አሁን ትከሻዋ ላይ ደርሷል። ጃታኒ ጎማ ሥር ድንጋይ እያስገባ ነበር።

«ጋሼ ጃታኒ፣ ነገ ስንት ሰው ነው የሚሄደው?»

«የጓደኛሽ የዲንኪቱ እናት ከነልጆቻቸው አሉ። ሌሎችም አሉ። ሙሉነህ ነው የሚነዳው፤ እኔ ከኋላ ነኝ።» ቀና ብሎ አያት። «ምን ሆነሻል?»

«ምንም።»

ጃታኒ የመጨረሻውን ድንጋይ በእግሩ ገፋ አደረገው። ከዚያ እጁን አራግፎ «ናጋ፣ በሰላም እደሪ» ብሏት ወደ ቤቱ ሄደ።

ጠዋት ግቢው ሞላ። የዘርፌ የክፍል ጓደኛ ዲንኪቱ ታናሽ ወንድሟን አዝላ መጣች። ለእህቷ ሠርግ ወደ አሬሮ መሄዷ ስለሆነ አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፤ እጆቿም በሂና ቀልተዋል። ከመኪናዋ ጎን ቆማ ወደ ላይ አየቻት።

«ይቺ ናት እንዴ? በግመል ከመሄድ በምን ተለየች» አለች እየሳቀች። «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ፣ ዘርፌ? ዓይንሽ ምን ሆኗል? አልተኛሽም?»

«ስሸመድድ ነው ያደርኩት» አለች ዘርፌ።

ጃታኒ ጣሪያው ላይ ባለው ፖርቶመጋላ የጨው ኩንታል እየደረደረ ነበር። አንድ ኩንታል በተጫነ ቁጥር መኪናዋ ከላይ ወዲያና ወዲህ ትወዛወዛለች። ዲንኪቱ ወንድሟን ከጀርባዋ አውርዳ በኋላ በር በኩል ወደ ውስጥ አሳለፈችው። ልጁ ወንበሩ ላይ ቆሞ መስኮቱን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። ወንበሩ መኪናዋ ትናንት በዘመመችበት በቀኝ በኩል ነበር።

ዘርፌ ወደ ሙሉነህ ሄደች። ሞተሩ ላይ አጎንብሶ ውሃ እየጨመረ ነበር።

«ጭነቱን ከላይ አውርደው።»

«ከላይ ካልተጫነ ሰዉ የት ሊቀመጥ ነው?»

«ድምፁስ? ትናንት የሰማነው?»

«አዲስ ብረት ስለሆነ ነው። እስኪላመድ ነው።»

«ሙሌ፣ ለእማዬ አንተ ትነግራታለህ ወይስ እኔ ልንገራት?»

ሙሉነህ ቀና አለ። ፊቱ ላይ ቁጣ ስትጠብቅ ያየችው ሌላ ነገር ነው፤ ልክ መኪናዋ በሁለት ጎማ ቆማ ሳለ የነበረው ፊት። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ብትነግሪያት ትሸጣታለች። እኔም በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ አበባ ነኝ። ይሄንን ነው የምትፈልጊው?»

አልፈልግም ብትል እውነት ነው፤ ግን አልፈልግም ካለች ለእናቷ መንገሯን ልትተው ነው። የውሃውን ጣሳ ከእጁ ተቀብላ መሬት አስቀመጠችው፤ ለምን እንዳደረገችው አታውቅም። ከዚያ ወደ ሱቁ ገባች።

እናቷ ለአንዲት ሴትዮ ስኳር እየመዘኑ ነበር። ዘርፌ ሴትዮዋ እስክትወጣ መቆም አቃታት፤ አንዴ በአንዱ እግሯ፣ አንዴ በሌላው ቆመች። ሴትዮዋ ስትወጣ ቶሎ ቶሎ ተናገረች፤ ቆም ካለች እንደማትጨርሰው ታውቃለች። ስለ ዳርቻው፣ ስለ ጎማዎቹ፣ ሲያርፉ ስለተሰማው ነገር፣ ስለ ድምፁ ነገረቻቸው። እናቷ ሲያዳምጧት ያላሰበችውንም ጨመረች።

«ከሥር መበላሸቷንም አውቅ ነበር። መጋቢት ላይ ስትጠይቂኝ አውቄ ነው ከፍ ትበል ያልኩት። ሙሌ እንዲቀር ብዬ ነው።»

እትዬ ሐረገወይን የስኳር ማንኪያውን ከረጢቱ ውስጥ ተዉት። አልቆጧትም። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ግቢው ወጡ።

«ጃታኒ፣ አውርደው» አሉ። «ዛሬ መንገድ የለም።»

ግቢው ተንጫጫ። የዲንኪቱ እናት ሠርጉ እንዳያመልጣቸው በኦሮምኛም በአማርኛም ጠየቁ፣ ለመኑ፣ በመጨረሻም ተቆጡ። ጃታኒ ምንም ሳይመልስ ገመዱን ይፈታ ጀመር፤ ስለዚህ ቁጣው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ዲንኪቱ ወንድሟን አውጥታ መልሳ አዘለችው። ዘርፌን ዞራ አላየቻትም። ሙሉነህ መፍቻውን ጥሎ፣ በማንም ላይ ዓይኑን ሳያሳርፍ፣ በበሩ ወጥቶ ሄደ።

ዘርፌ ትምህርት ቤት ሄደች፤ ምን እንደተማረች ግን አታውቅም። ስትመለስ ጃታኒ ብቻውን ኩንታሎቹን ጥላ ሥር እየደረደረ ነበር።

«አንተም ታውቅ ነበር፣ ጋሼ?»

«ስጭን ስትወዛወዝ አይቻለሁ።» ላቡን ጠረገ። «ባለፈው ‹አንተ ነህ ያስገባሃት› ስለተባልኩ አኩርፌ ነበር። ይየው ብዬ ጫንኩ። ዱጋ፣ እውነቱን ነው የምልሽ። ልጆች እንዳሉበት እያየሁ ነው የጫንኩት።» ቀጣዩን ኩንታል ትከሻው ላይ አወጣ።

ሙሉነህ የመጣው ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ነው። እስከ ጉልበቱ ቀይ አቧራ ለብሷል። ከማንም ጋር ሳይነጋገር የኋላውን ጎማ በክሪክ አነሳውና ፈታው፤ ዘንጉንም ከውስጡ ስቦ አወጣው። ዘርፌ ከርቀት ታየዋለች። ዘንጉን በጨርቅ ጠርጎ ወደ ብርሃኑ ያዘው፤ አገላበጠው። ከዚያ ቁጭ አለ።

«ነይ» አላት።

ሄደች። ብረቱ እንደተጠመዘዘ ገመድ ሆኗል፤ መሐሉ ላይ ደግሞ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ነበረው።

«ትልቁ ጎማ ከብዶት ነው» አለ ሙሉነህ። «አሬሮ አይደርስም ነበር።» ጣቱን ስንጥቁ ላይ አመላለሰ። እትዬ ሐረገወይን ከሱቁ በር ሆነው ሲያዩ ቆዩና መጥተው ብረቱን ተቀበሉት።

«ጎማዎቹን ለሚፈልግ እንስጥና በምትካቸው ዘንግ እንፈልግ» አሉ። «መሸጧን ዝናቡ ሲያልፍ አየዋለሁ። አንተ ግን መስከረም ላይ ወደ ትምህርትህ ትመለሳለህ። መኪናዋ ብትኖርም ባትኖርም።» ሙሉነህ ራሱን ነቀነቀ። ዘርፌ ሙሉነህ ብረቱን የጠረገበትን ጨርቅ አንስታ አጠፈችው።

እናታቸው ሲገቡ ሙሉነህ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ በጀርባው ተኛ። ባሌስትራውን ሊፈታ ነው። «የጨመርኩትን ሁሉ ላውጣው ወይስ አንድ ልተው?» አላት ከሥር ሆኖ። «አንድ ቢቀር ጭቃውን ታልፋለች መሰለኝ።»

«አላውቅም» አለች ዘርፌ። «አንድ ተውና ባዶዋን እንያት።»

መፍቻ አቀበለችው። ከአጥሩ ውጭ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ያልፋሉ፤ አንዷ የጃታኒን ስም ጠርታ «በስንፍናው ነው መንገዱን ያስቀረው» ስትል ተሰማ። ጃታኒ ኩንታሎቹ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሰምቷል። ጫማውን አውልቆ አሸዋውን አራገፈ፤ መልሶ አጠለቀው።

ዘርፌ በእጇ የነበረውን ሁለተኛ መፍቻ መሬት አስቀመጠች።

«ወዴት ነሽ?» አለ ሙሉነህ።

«እነ ዲንኪቱ ቤት። መንገዱን ያስቀረው ጃታኒ አይደለም። እኔ ነኝ ልላቸው ነው።»

ከመኪናዋ ሥር ብሎን ሲፈታ የነበረው ድምፅ ቆመ። ዘርፌ በሩ ጋ ደርሳ ልትወጣ ስትል ሙሉነህ በጀርባው እየተንፏቀቀ ወጣ። ፊቱ ላይ ግራሶ ነበረበት።

«ቆይ» አላት። «እጄን ልታጠብ።»

ዘርፌ ቆማ ጠበቀችው።