የጥቁሩ ሥር ማስረጃ

እሌኒ ከምሳ በኋላ ነጭ ጋውኗን ደርባ፣ ጫማዋ ላይ ሰማያዊ ፕላስቲክ አጥልቃ፣ ወደ ቤተ ሙከራው እንስሳት ቤት የሚወስደውን ደረጃ ቀስ ብላ ትወርዳለች። ክፍሉ ከትምህርት ክፍሉ ሕንጻ ሥር ነው፤ መስኮት የለውም። አይጥ የሚነቃው በጨለማ ስለሆነ እዚያ ቀኑ ሌሊት እንዲሆን ተደርጓል፤ ውጭ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት እታች የሚበራው አንድ ደብዛዛ ቀይ አምፖል ብቻ ነው። በሩን ስትከፍት መጀመሪያ የሰጋቱራው፣ የሽንቱና የዛገው ብረት ሽታ ይቀበላታል፤ ቀጥሎ ድምፁ ይመጣል። አይጦቹ በጠርሙሶቹ አፍ ላይ ያለችውን ትንሽ የብረት ኳስ በምላሳቸው ሲገፏት ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ትላለች። እሌኒ ይህን ድምፅ ትወደው ነበር። ሥራው እየሄደ መሆኑን የሚነግራት እሱ ነው።

ሥራው ግን የእሷ አልነበረም። የረድኤት ነበር።

ረድኤት ከቻይና ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛ ስትመለስ በሻንጣዋ የደረቀ ሥር ይዛ መጣች፤ ጠቆር ያለ ቡናማ፣ የተጨማደደ፣ የሕፃን ጡጫ የሚያህል። ቻይናውያን ሄ ሾው ዉ ይሉታል። ሽበት ያጠቁራል፣ እርጅናን ያዘገያል እየተባለ ከጥንት ጀምሮ ሲወሰድ ኖሯል። «ይባላል ማለት ማስረጃ አይደለም፤ ማስረጃውን እኔ አመጣለሁ» አለች ረድኤት፣ የቤተ ሙከራው ሰው ሁሉ እየሰማ። ሥሩን ከጥቁር አኩሪ አተር ጋር በእንፋሎት እያበሰለች፣ እያደረቀች፣ ደግማ እያበሰለች ጭማቂውን አወጣች። ከዚያ ፀጉራቸው የሸበተ ያረጁ አይጦችን ለሁለት ከፍላ ለግማሾቹ ጭማቂውን፣ ለግማሾቹ ውሃ ብቻ መስጠት ጀመረች። ቆይታም እሌኒን እንድታግዛት ጠየቀቻት።

እሌኒ ከእሷ በፊት በጤና አዳም ላይ ስትደክም ከርማ ባዶ እጇን ቀርታለች። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ዶክተር ጌትነት «ጥሩ ሙከራ ነበር» ብለው ወረቀቷን መልሰውላታል። ትምህርት ክፍሉ ዘንድሮ ለዶክትሬት የሚቀበለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያን ቦታ እሌኒ ለማንም ሳትናገር፣ በልቧ የራሷ አድርጋ፣ ስትጠብቀው ኖራለች።

የረድኤት አይጦች ጠቆሩ። መጀመሪያ ከጆሯቸው ሥር፣ ቀጥሎ ከጀርባቸው፣ ሽበቱ እየሸሸ አዲስ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ፀጉር ወጣ። ዶክተር ጌትነት ራሳቸው ወርደው አዩ።

«በዓይኔ ባላየው አላምንም ነበር» አሉ። «ጉበታቸውን ብቻ ደህና አድርገሽ እይልኝ፤ ይጎዳል የሚሉ አሉ። ጎበዝ፣ ልጄ።»

እሌኒ ባትሪ ይዛላቸው በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። እሷን ልጄ ብለዋት አያውቁም። ቅናት ያዛት፤ በዚያች ቅጽበት በጨለማው ውስጥ ጠቅታው ፈጠን ያለ መሰላት።

ሐምሌ ላይ ረድኤት ጠረጴዛዋ ዳር መጥታ ተቀመጠች።

«እሌኒዬ፣ እህቴን ልድር ሐዋሳ መሄዴ ነው። እስክመለስ ጠርሙሶቹን አንቺ ትሞይልኛለሽ?»

«ሌላ ሰው የለም?»

«ካንቺ ሌላ ማንን አምናለሁ? ደግሞ ይወዱሻል። አንቺ ስትገቢ እኮ ነው ሁሉም የሚነሱት።»

«እሰይ፤ አይጥ እንኳ ይውደደኝ።»

ረድኤት ሳቀች። ስትስቅ ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ ያያታል።

በማግስቱ እሌኒ ጭማቂውን በሙሉ መታጠቢያው ውስጥ ደፋችው። ቡናማው ፈሳሽ የተቃጠለ ስኳር እየሸተተ፣ እየተሽከረከረ ወረደ። ጠርሙሶቹን ሁሉ ውሃ ሞላች። ውሃ መርዝ አይደለም አለች ለራሷ፤ ማንንም አልገደልኩም። የፈለገችው ሽበቱ ሲመለስ ማየት ብቻ ነበር።

ሽበቱ አልተመለሰም። አይጦቹ እንዲያውም ይበልጥ ጠቆሩ፤ በቀዩ ብርሃን ውስጥ ዘይት የተቀቡ መሰሉ። ያለፈው ጭማቂ ገና ከሰውነታቸው አልወጣ ይሆናል ብላ ጠበቀች። ከዚያ አንድ ነገር አስተዋለች። የሸበቱት አይጦች ውሃ በየቀኑ ይጎድላል፤ የጥቁሮቹ ግን እንደሞላችው ነው። ድምፁ ግን አለ፤ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፣ የሚመጣውም ከእነሱ በኩል ነው። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ነቅላ መሬት ላይ አስቀመጠችና ትንፋሿን ውጣ አዳመጠች።

ጠቅታው አልቆመም።

ባትሪውን አበራች። ጥቁሮቹ አይጦች በሙሉ በእሷ በኩል ባለው የሳጥኖቹ ግድግዳ ላይ የፊት እግራቸውን አሳርፈው ቆመዋል፤ አፍንጫቸውን ወደ እሷ ቀስረው፣ ባዶ አየር ላይ ቀጭን ምላሳቸውን እያወጡ ያስገባሉ፤ ሁሉም እኩል፣ ሳይቸኩሉ፣ እንደሚጠባ ግልገል ዓይናቸውን ከደን አድርገው። ወደ ክፍሉ ሌላ ጥግ ሄደች። የጥፍሮቻቸው ኮሽታ ተከተላትና በዚያ በኩል እንደገና ቆሙ።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ አብራት የምትኖረው ትርሲት ፀጉሯን ልትሠራት ከኋላዋ ተቀመጠች።

«ሽበት አወጣሽ እንዴ፣ አንቺ አሮጊት? ቆይ ነቅዬ ልጣልልሽ።» ጣቶቿ ፀጉሯ ውስጥ ገቡ፤ ከዚያ ቆሙ። «ተይው» አለች ቀስ ብላ። «ብዙ ነው።»

እሌኒ የተማረችውን አደረገች። አንዱን ነገር ቀይሮ ሌላውን እንደነበረ ማቆየት ነው፤ ማስረጃ የሚገኘው እንዲህ ነው። ሥሩን አስቀድማ አስወግዳዋለች። ምግቡን ቀየረች። ሰጋቱራውን ቀየረች። ሳጥኖቹን ከመደርደሪያ መደርደሪያ አዛወረች። ጥቁሮቹ መጥቆራቸውን አልተዉም። በዚያ ክፍል ውስጥ ያልተቀየረ አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ እሱም በየቀኑ ከምሳ በኋላ በሩን ከፍታ የምትገባው ሴት ናት።

ላለመውረድ ወሰነች። ግን ወረደች፤ ካላየቻቸው አያስችላትም። በሩ ላይ እንደቆመች ስልኳ ነዘረ። ረድኤት ከሰርጉ ፎቶ ልካላታለች፤ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ እስክስታ ስትወርድ፣ ከጎኗ ዶክተር ጌትነት ኮታቸውን አውልቀው ሲያጨበጭቡ። ሐዋሳ ድረስ ሄደውላታል። እሌኒ ረድኤትን «ልጄ» ያሏትን ቀን አስታወሰች፤ ወዲያው ጠቅታው በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ክፍሉን ሞላው። ግድግዳውን ያዘች። ፎቶውን ዘጋችው። ጠቅታው ቀዘቀዘ። እንደገና ከፈተችው።

ረድኤት ስትመለስ ያገኘቻት እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ሥሩን አልሰጠኋቸውም» አለች እሌኒ። ድምጿ የራሷ አልመስል አላት። «ደፋሁት። ውሃ ነው ያስቀመጥኩላቸው። ውሃውንም አልነኩትም።»

ረድኤት አልተቆጣችም። ወደ ሳጥኖቹ ጎንበስ ብላ፣ የሚወደድ ዘፈን እንደሚሰማ ሰው ጆሮዋን ሰጠች።

«አውቃለሁ» አለች። «የደፋሽው የተቃጠለ ስኳር ነው። ሥሩማ አንቺ ወደዚህ መውረድ ከመጀመርሽ በፊት አለቀ፤ ያኔም ምንም አላደረገላቸውም።» የአንዱን ሳጥን ክዳን በጣቷ ዳሰሰች። «ከአንቺ በፊት መስከን የምትባል ልጅ ነበረች የምታግዘኝ። የእኔን ነገር ስታይ ከልቧ ደስ ይላት ነበር። የሚጠባ ነገር አልወጣትም።»

እሌኒ ለመነሳት ሞከረች፤ እግሯ አልታዘዝ አላት።

«ዶክተር ዛሬ ነገሩኝ» አለች ረድኤት፣ በርኅራኄ ማለት ይቻላል። «ቦታውን ለእኔ አድርገውታል።»

በጨለማው ውስጥ ጥቁሮቹ አይጦች ሁሉ ባንድ ጊዜ መጥባት ጀመሩ። ረድኤት እሌኒ ነቅላ ካስቀመጠቻቸው ጠርሙሶች አንዱን ከመሬት አንስታ፣ ውሃውን ብርጭቆ ውስጥ ቀድታ፣ የእሌኒን ቀዝቃዛ ጣቶች አንድ በአንድ በብርጭቆው ዙሪያ አጠፈችና «ጠጪ እሌኒዬ» አለቻት፤ «ዶክትሬቱ ገና አራት ዓመት ይፈጃል፣ ከአሁኑ እንዳታልቂብን።»