መብራት ሲጠፋ የማይቆመው ከበሮ

መቶ አለቃ ዓምሃ ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለውን የሸማኔዎች ማኅበር መጋዘን ደፍ እንደተሻገረ ብረት በሩ ከኋላው ጓ ብሎ ተዘጋ። ሬሳውን ከማየቱ በፊት ልጆቹን አየ። አርባ ያህል ይሆናሉ፤ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጢጥ ብለዋል። ገና ጥርሷን የምትነቅል አለች፣ ጢሙን መላጨት የጀመረ አለ፣ መሀላቸው ደግሞ ጋቢያቸውን የተከናነቡ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ። መስኮቶቹ ድምፅ እንዳያወጡ በጥጥ ከረጢት ተጠቅጥቀዋል። ከእሑድ ፀሐይ አንዲት ጨረር አትገባም፤ ያለው አንድ አምፖል ብቻ ነው።

ሬሳው ከመድረኩ ሥር፣ ሸማኔ እግሩን ከትቶ በሚሠራበት ጉድጓድ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቷል። የእሑዱን ሙዚቃ የሚያዘጋጀው ገበየሁ ነበር።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ቦጋለ ከፖሊስ ቀድሞ ደርሶ ይንጎራደዳል። «ምርመራው አጭር ነው ጓድ መቶ አለቃ። ፀረ አብዮተኞች ተሰበሰቡ፣ እርስ በርሳቸው ተበላሉ። መኪና አዝዣለሁ፤ ሁሉንም ጭኜ አስረክባለሁ።»

«ያቺን ጥርሷን የምትነቅለዋንም?»

«ሁሉንም አልኩህ።»

«ገዳዩን ካገኘሁልዎትስ?»

ቦጋለ ሳቀ። «መኪናው እስኪደርስ ካገኘኸው እሱን ብቻ እወስዳለሁ። ይኸው ሰው ሁሉ ይስማኝ።»

ያ መኪና የጫነውን መልሶ እንደማያመጣ ዓምሃ ያውቃል። ስንት እናት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጣቢያው በር ላይ «ልጄን አያችሁ?» ብላዋለች! ስለዚህ ጊዜ አላባከነም፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከከ። ሰውየው በግንባሩ ነው የተደፋው፤ የተፈነከተው ግን ከማጅራቱ በላይ ነው። የሙዚቃ ቀን ልጆች እንዳይወድቁ ጉድጓዱ ላይ የሚጋደመው ሳንቃ ወደ ጎን ተገፍቷል። ከመድረኩ ጀርባ፣ እጅ ዘርግቶ በሚደረስበት ግድግዳ ላይ፣ የመጋዘኑ መብራት ማጥፊያ አለ።

መድረኩ ላይ የነበሩት ሦስት ናቸው። ከበሮ መቺዋ ጽጌረዳ ዘንጎቿን ጨብጣ አልለቅም ብላለች።

«አንቺ ነሽ የምትመቺው?»

«ምነው? ሴት ስለሆንኩ ነው?»

«ጥያቄ ነው እህቴ፣ አትቆጪኝ። እኔ ከፖሊስ ማርሽ በቀር ሙዚቃ አላውቅም። ለምን በቀን? ለምን እንዲህ ታፍናችሁ?»

«ማታማ ሰዓት እላፊ አለ። ሆቴል ውስጥ ተቆልፎ እስኪነጋ የሚጨፍረው ገንዘብ ያለው ትልቅ ሰው ነው። እኛን ማን ያስገባናል? ጋሼ ገበየሁ ነው እሑድ ከሰዓት፣ ያለ መጠጥ፣ ለትልቅም ለትንሽም ይሁን ያለው። መጀመሪያ ዊንጌት ጋ እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ነበርን። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ልጆቹ ወደ በር ሲሮጡ ተረጋገጡ፣ የአንዷ እጅ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ መብራት ሲጠፋ እኔ አላቆምም። ከበሮው እስከተሰማ ድረስ ማንም ከቦታው አይነሳም።»

«ከዚያስ?»

«ቀበሌ ዘጋብን። ወደ ጳውሎስ መሄጃ አንድ ጋራዥ ገባን። እዚያ ደግሞ የጠፋው መብራት ሲመለስ ኃይሉ በዝቶ ማይካችንንና አንዱን አምፕሊፋየር አቃጠለው። ለቅሶ ነበር እኮ! ከዚያ ወዲህ መብራት ሲጠፋ የሁሉም እጅ መጀመሪያ የሚሄደው አምፕሊፋየሩን ወደ ማጥፋት ነው፤ በእንቅልፍ ልባችን እንኳ አንረሳውም። ጋራዡንም ዘጉት። ሦስተኛው ይሄ ነው።»

«ማን እየጠቆመ ነው የሚዘጉት?»

ቦጋለን በጎን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ ገበየሁ ዛሬ ለሦስታችን፣ ‹የሚሸጠንን ሰው ደርሼበታለሁ፣ ሳንበተን ለሁላችሁም እናገራለሁ› አለን። ዘፈኑ መሀል መብራት ጠፋ። ሲመጣ...» ዘንጎቹን ደረቷ ላይ አጣብቃ እንባዋን ለቀቀችው።

ዓምሃ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ጋሽ ሾዴ፣ መብራቱ ሲጠፋ ምን ሰሙ?»

«የልጅቱን ከበሮ። እሱማ አላቋረጠም። ደግሞ የጎረቤታችንን ወፍጮ። የልጆቹ ጩኸት ዝም ሲልልኝ እሱ ሲያጓራ ሰማሁት።»

«ወፍጮው በምንድን ነው የሚሠራው?»

«በመብራት ነዋ! ከእኛው ምሰሶ ነው የሚስበው።»

«እንግዲህ መብራቱ የጠፋው እዚህ ቤት ብቻ ነው» አለ ዓምሃ ለራሱ። «ሲመጣስ?»

«ከሁለቱ የድምፅ ማጉያ ሳጥን አንዱ ጮኸ! ኧረ የጉድ ጩኸት! ጆሮዬን ይዤ ቀና ስል ገበየሁ የለም።»

«የትኛው ነው የጮኸው?»

«ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም አንድ ቦታ። እኔ በምን ልለየው ልጄ?»

ኦርጋን ተጫዋቹ ሙዘይን ላብ በላብ ሆኖ ነበር። «እኔ... ማለቴ መጀመሪያ አምፕሊፋየሬን አጠፋሁ። ከዚያ ቆምኩ። በቃ። ወላሂ ሌላ የማውቀው የለም።» ዓምሃ ጠጋ ብሎ ሌላም ነገር ጠየቀው፤ ልጁ ግራ እየተጋባ በጆሮው መለሰለት።

ጊታር ተጫዋቹ አድነው ደግሞ ረጋ ያለ ነው። «እኔም አጠፋሁና ቆምኩ። ጊታሩን ከአንገቴ አላወረድኩም።» ይህን ሲል የሚያየው ዓምሃን ሳይሆን ጓድ ቦጋለን ነበር።

ውጭ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። ትንሿ ልጅ ማልቀስ ጀመረች።

«ሁላችሁም ቀረብ በሉ» አለ ዓምሃ። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ እርስዎም። ገበየሁ ወድቆ አልሞተም፤ ከኋላው ተመትቶ ነው የተገፋው። ወፍጮው ስላልቆመ መብራቱን ያጠፋው እዚሁ የነበረ ሰው ነው፤ ማጥፊያው ደግሞ ያለው ከመድረኩ ጀርባ ነው፤ ልጆቹ ከበሮው እየተሰማ ከቦታቸው አይነሱም። ከመድረኩ ሰዎች ጽጌረዳ በጨለማው ከበሮዋን አላቋረጠችም፤ ሁላችሁም ሰምታችኋታል። ጨለማ ሲሆን ድምፃቸው አብሮ የሚጠፋው ሁለት ናቸው፣ ኦርጋንና ጊታር።»

ወደ መድረኩ ወጣ። የኦርጋኑን አምፕሊፋየር ክፍት አስደርጎ የመጋዘኑን መብራት ማጥፊያ ዝቅ፣ ከዚያ ከፍ አደረገ። ሳጥኑ «ቱፍ» ብሎ ዝም አለ።

«ይሄ ነው ጋሽ ሾዴ?»

«ኧረ አይደለም።»

ጊታሩን ከአድነው አንገት አውልቆ ክፍት በሆነው የራሱ ሳጥን ላይ አስደገፈው። መብራቱ ጠፍቶ ሲመለስ ጊታሩ መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ቀጥሎ ጣሪያ የሚነቅል ጩኸት ለቀቀ። ልጆቹ ጆሯቸውን ያዙ።

«እሱ ነው!» አሉ ሽማግሌው ብድግ ብለው። «እሱ ነው ልጄ!»

ዓምሃ አጠፋው። «ሙዘይንን ጠይቄዋለሁ። ጊታር እንዲህ የሚጮኸው ሰው ሳይዘው፣ ክፍት ሳጥን ላይ ተደግፎ ሲቀር ነው። አንተ ከአንገቴ አላወረድኩም አልክ፤ አውርደሃል። አጠፋሁ አልክ፤ አላጠፋህም። በእንቅልፍ ልባችሁ የማትረሱትን ነገር ዛሬ ለምን ረሳህ? መብራት የሄደበት ሰው መቼ እንደሚመለስ ስለማያውቅ ሳጥኑ እንዳይቃጠልበት ይፈራል። አንተ ግን የምትመልሰው ራስህ ነበርክ። ገበየሁ ዛሬ የሚጠራው ስም ያንተ ነበር።»

የአድነው ፊት ልውጥውጥ አለ። «ለአፀደ ብዬ ነው! እህቴ ታስራለች። ‹የሚጫወቱበትን ቦታ ብቻ ንገረን፣ እንለቃታለን› አሉኝ። አንዱን ነገርኩ፤ ሌላ ጨምር አሉኝ። ጋሼ ገበየሁ ስሜን ከጠራ ከዛሬ ወዲያ ምን እጠቅማቸዋለሁ? እሷ እዚያው ልትቀርብኝ ነው!» ወደ ቦጋለ ዞረ። «ጓድ ቦጋለ፣ ይንገሯቸው እንጂ! ቃል ገብተውልኝ የለም እንዴ?»

አርባ ጥንድ ዓይን ሊቀ መንበሩ ላይ አረፈ።

«እኔ ይሄን ልጅ አላውቀውም» አለ ቦጋለ።

«አፀደስ?» አለ አድነው።

«የምን አፀደ?»

ዓምሃ የጠበቀው ይህንኑ መልስ ነበር። ቦጋለ ልጁን የእኔ ነው ካለ ነፍሰ ገዳይ አሰማርቷል ሊባል ነው፤ አላውቀውም ካለ ደግሞ በሰው ፊት የገባው ቃል ይይዘዋል፣ አርባዎቹ ይተርፋሉ። ዓምሃ ነገሩን እዚህ ያደረሰው አስልቶ ነው። ሲሰማው ግን የአድነውን ፊት ማየት አልቻለም።

«ውሰዱት» አለ ቦጋለ ከመኪናው ጋር ለደረሱት የቀበሌ ጥበቃዎች። «ቤቱም ይታሸግ። መብራቱን ቁረጡት።»

አንዱ ጥበቃ ልጆቹ እስኪወጡ እንኳ አልጠበቀም፤ ማጥፊያውን ወደ ታች ሳበው። ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። አንዲት ሕፃን ጮኸች፣ እግሮች ወደ በሩ መሮጥ ጀመሩ። ዓምሃ «ቀስ!» አለ፤ ማን ይስማው?

ከበሮው ጀመረ። ድም፣ ድም፣ ድም። ዝግ ያለ ምት ነው። እግሮቹ ቆም አሉ።

«ግድግዳውን ይዛችሁ!» አለች ጽጌረዳ። «ትንንሾቹ ከፊት።»

በምቱ ልክ አንድ በአንድ ወጡ። ጋሽ ሾዴ ትንሿን ልጅ አቅፈው ወጡ። ጥበቃዎቹ መሀል የተያዘው አድነው ዓምሃን ሲያልፍ ጣቶቹ ከምቱ ጋር ይንቀሳቀሱ ነበር። ራሱም ያወቀው አይመስልም። መኪናው እሱን ብቻ ጭኖ ቁልቁል ወረደ።

ቤቱ ባዶ ሆነ፤ ከበሮው ግን አላቆመም። ዓምሃ በሩ ላይ ቆሞ ወደ ጨለማው ተጣራ።

«ነይ ውጪ ልጄ። ሁሉም ወጥተዋል።»

«አድነውም ወጥቷል?»

«አዎ፣ ወጥቷል።»

ከዚያ በኋላ ነው ዘንጎቹን ያስቀመጠችው።